«ዲዳክቲቭ» እና «ኢንዳክቲቭ» በአማርኛ፦ ለወንጀል ጥናት

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ስለ ሞባይል ነጠቃ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ «አካሄድሽ ዲዳክቲቭ ነው ኢንዳክቲቭ?» አሉኝ። በአማርኛ እንዴት ልበለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ዲዳክቲቭን «ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር»፣ ኢንዳክቲቭን «ከዝርዝር ወደ አጠቃላይ» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፤ ለተመራማሪ ግን አይበቃም። ዋናው ነገር ንድፈ ሐሳቡ ከመረጃው በፊት መጣ ወይስ በኋላ ነው።

«አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይባል የለ? ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለወንጀል የተነሳሳ ሰው፣ የሚመች ዒላማ እና የጠባቂ አለመኖር አንድ ቦታ ላይ ሲገጣጠሙ ወንጀል ይፈጸማል ይላል። ይህን ይዘሽ ሰኞ ገበያ ከወረድሽ መላምትሽ ቀድሞ ተጽፏል፦ «ጠባቂ በሌለበት ጥግ ነጠቃ ይበዛል።» ከዚያ ትቆጥሪያለሽ። ቁጥሩ እምቢ ካለ መላምቱ ወደቀ። ዲዳክቲቭ ይሄ ነው።

ለኢንዳክቲቭ እኔ የምወደው የወንጀል ተመራማሪውን የዶናልድ ክሬሲን ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ። የአደራ ገንዘብ በልተው የታሰሩ ሰዎችን እስር ቤት ድረስ ሄዶ አነጋገረ። ከሐሳቡ ጋር የማይሄድ ታሪክ ሲገጥመው ታሪኩን አልጣለም፤ ሐሳቡን ቀየረ። ደጋግሞ ቀየረ። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር አገኘ፦ ለማንም የማያዋዩት የገንዘብ ችግር አለባቸው፤ በያዙት ኃላፊነት በድብቅ ሊፈቱት እንደሚችሉ ያውቃሉ፤ «ብድር ነው፣ እመልሰዋለሁ» ብለው ራሳቸውን ያሳምናሉ።

ሌላ አባል፦ ታዲያ «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» የሚለው ዲዳክቲቭ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ቅርጹ አዎ፣ ወንድሜ። ግን መነሻው ራሱ አልተፈተሸም። መነሻው ከተበላሸ አመክንዮው የቱንም ያህል ቢያምር ድምዳሜው አያስተማምንም። አባቱ ታስሯልና ልጁም ሌባ ነው ብሎ የሚነሳ ጥናት ምስኪን ልጅ ላይ ስም ይለጥፋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ለአማካሪዬስ?

መልስ፦ «ንድፈ ሐሳብ የሚፈትሽ» እና «ከመረጃ ንድፈ ሐሳብ የሚያወጣ» በያቸው። ዲዳክቲቭ የሚለውንም አትተዪው፣ የለመዱት ቃል ነው። ጥያቄሽ «ነጠቃ ጠባቂ በሌለበት ይበዛል ወይ?» ከሆነ የመጀመሪያውን ያዢ። «ነጣቂዎቹ ሰውን የሚመርጡት እንዴት ነው?» ከሆነ ግን ሁለተኛውን ያዢ፤ ቁጭ ብለሽ የነጠቁትን አነጋግሪ።