ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ «አይታየኝም» ካለ፦ ዓይን ሕክምና ነው ወይስ ድንገተኛ?

መምህር (አዘዞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጅ ወደ ኋላ ወድቆ የጭንቅላቱን ኋላ ቢመታና ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ጨለመብኝ» ቢል፣ ዓይኑ ላይ ግን ምንም ባይታይ፣ መጀመሪያ የት ይወሰድ? ወላጆች «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ሲያሹስ ምን ልበላቸው?

የሕፃናት ሐኪም፦
ድንገተኛ ክፍል፣ ያውም አሁኑኑ። እይታን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ከኋላ ስለሆነ፣ ዓይኑ ደህና ሆኖ ማየት ሊጠፋ ይችላል። ከምቱ ደቂቃዎች ወይም ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ እይታው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ልጁ ሊነጫነጭ፣ ሊያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው ይችላል። ክፋቱ፣ ራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደምም አጀማመሩ እንዲሁ ነው። ደም አለመፍሰሱ ሳይጣራ «ይመለስለታል» ብሎ ቤት ማስተኛት ልጁን ሊያሳጣ ይችላል። ሲቲ ስካኑ (የጭንቅላት ውስጥ ምስል) ንጹሕ ሆኖ ልጁ ገና ባያይ ግን አትደንግጡ፤ ማየት ለጊዜው በሚጠፋበት በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

የዓይን ሕክምና ባለሙያ፦
መኪና እስኪመጣ የስልክ መብራት ይበቃል። ደብዘዝ ባለ ክፍል አንዱ ዓይን ላይ 3 ሰከንድ ያህል ያብሩ፣ ፈጥነው ወደ ሌላው ያሻግሩ፣ ይመላልሱ። ሁለቱም ብሌኖች እኩል ከጠበቡ ነገሩ ወደ ኋላ አንጎል ያደላል። ሲሻገርበት የሚሰፋ ብሌን ካለ የዚያ ዓይን ነርቭ ወይም ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዓይኖቹን ተራ በተራ ሸፍነው ጣት ያስቆጥሩት። ብሌኑ ደህና ነው ማለት ግን ደም የለም ማለት አይደለም። ጠብታ አይጨምሩ፤ ብሌን የሚያሰፋ ከሆነማ ሐኪሙ የሚከታተለውን ምልክት ያጠፋበታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ማዕከልም ስላለው በድንገተኛ በኩል ይግቡ፣ ዓይኑ እዚያው ይታያል።

መምህር (አዘዞ)፦
እግዜር ይስጥልን። ዳማከሴውስ? በባጃጅ ብንወስደውስ?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ዳማከሴው ይቅር፣ በተለይ አፍንጫው ውስጥ። ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ የራስ ቅሉ ሥር ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ በጥጥም አይድፈኑት። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም ውሃም አይስጡት። አንገቱን ካመመው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ባጃጁ ይቅር፣ ሳታንቀሳቅሱት ለአምቡላንስ ደውሉ። ካስመለሰው ጭንቅላቱንና ትከሻውን አንድ ላይ ይዛችሁ በጎኑ አዙሩት። የወደቀበትን ሰዓት፣ ማየት ያቆመበትን ሰዓትና ስንቴ እንዳስመለሰው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። መንገድ ላይ ማየት ቢጀምርም አትመልሱት፤ ሳይመረመር ቤት አይገባም።