ክርክር፦ የጣና ደሴቶች ብራናዎች ወደ ባሕር ዳር ሙዚየም ይምጡ?

አወያይ፦ በጣና ገዳማት ዕቃ ቤት ያሉ ብራናዎችና ሥዕሎች ባሕር ዳር ላይ በአንድ ሙዚየም ይሰብሰቡ ወይስ ደሴቶቹ ላይ ይቆዩ? ሐሳብ ይሞገት እንጂ ሰው አይሰደብ።

የታሪክ መምህር፦ ይሰብሰቡ ባይ ነኝ። ክብራን ገብርኤል ላይ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ ፍሬ ጽዮን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሳላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። የሐይቁ እርጥበት፣ ምስጡ፣ አይጡ አለ። ከጧፍ እሳት ቢነሳ አንድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ምን ይረባል?

እህታችሁ ከጎንደር፦ ከመምህር ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ይቀየርም አልልም። ግን ያቺን ሥዕል በዓይኔ ሳላያት ልሙት? ከባሕር ማዶ የመጣ ወንድ ቱሪስት አይቷት ይመለሳል። እኔ የአገሩ ልጅ ወደቡ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

የደቅ ልጅ፦ መምህር፣ እርስዎ ስለ ዕቃ እያወሩ ነው። እኛ ዘንድ መጽሐፉ ሥራ ላይ ነው። በበዓል ቀን ተአምረ ማርያም ከማኅደሩ ይወጣል። ዲያቆኑ ጧፍ ይይዛል፣ ቄሱ ያነባል፣ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። የገጹን ጠርዝ ቢያዩት ጠቁሯል፤ ስንት ትውልድ በጣቱ የገለጠው ነው። መስታወት ውስጥ ሲገባ ማን ያነበዋል?

ደግሞስ መሰብሰብ ያድናል ያለው ማነው? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍቱን አሰባስበው መቅደላ አከማቹ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደው። ዛሬ 350 ያህሉ ለንደን ናቸው። አንድ ቦታ ስለተገኘ በአንዴ ሄደ።

የእኛው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። እህቴ፣ እሱ ጋ ሴትም ይገባል፤ ነይና እይ። ቅርሱ ከሄደ ግን ደቅ ድረስ በጀልባ የሚመጣ እንግዳ አይኖርም።

የባሕር ዳር ነዋሪ፦ ሁላችሁም ብራና ብራና ትላላችሁ። ታንኳን ማን አስታወሰ? የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ መልስ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። ጥቂት ወራት አገልግሎ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይሠራል። ይህን ሙዚየም አያድነውም፤ ካልተሠራ ሙያው ይጠፋል። ሙያውን ይዘው የቆዩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ደንገሉ እየተመናመነ ነው። በላዩ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም መጣ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ተፈጥሮውና ሰው አብረው የሚጠበቁበት ስፍራ (ባዮስፌር) ብሎ መዝግቦታል፤ ዳሩ ላይ ደንገል የሚተክል ግን አላየሁም። ሐይቁ ሲሞት ደሴት የሚባል ነገር ይኖራል እንዴ?

የታሪክ መምህር፦ የደንገሉን ነገር እቀበላለሁ፤ ራሱን የቻለ ክርክር ይገባዋል። መቅደላ ግን ጦርነት ነው ወንድሜ። እሳት ጦርነት አይጠብቅም። ቢያንስ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሳ። ሐመርሽሚት የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙዎቹን አንስቷል። እኛስ በራሳችን እጅ ለምን አናነሳም?

እህታችሁ ከጎንደር፦ ፎቶው ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ የእኔን ጥያቄ ግን አይመልስም። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለው፤ ሴቶችም እንገባለን። ዳጋም እንዲሁ ሴት መድረስ በምትችልበት ቦታ፣ ወደቡ አጠገብ አንድ ጠንካራ ቤት ይሠራ። ሥዕሏ በዓመት ለጥቂት ቀን ትውጣልን። ከደሴቱ ሳትወጣ እኔም አያታለሁ።

የደቅ ልጅ፦ እህቴ፣ በዚህስ እስማማለሁ፤ መነኮሳቱ ከፈቀዱ። ቁልፉ ግን ከገዳሙ እጅ አይወጣም፤ የከተማ ቢሮ አይይዘውም። ለሙዚየም የታሰበ ብር ካለ መጀመሪያ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ይጠግኑበት። እሳት ማጥፊያ ይግዙበት። ከደሴቱ ወጣቶች ሁለት ሦስቱን የብራና ጥገና ያስተምሩበት። መምህር፣ በእነዚህ በሦስቱ ይቃወሙኛል?

የታሪክ መምህር፦ በሦስቱም አልቃወምህም። ጥገናው ካልተጀመረ ግን ይሰብሰቡ ማለቴን አልተውም።