ፒችትሪና አክሰስ የይለፍ ቃል እየጠየቁ ባክአፕ በራሱ እንዴት ይሠራል?

የገላኑ መጋዘን፦
ገላን ያለ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ነው። አንድ ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር ላይ ፒችትሪ 2010 (የሂሳብ ፕሮግራም) እና በአክሰስ (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም) የተሠራ የስቶክ መዝገብ አለ፤ ሁለቱም ሲከፈቱ የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይኖር፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንዲሄድ ነው የተፈለገው። አሁን የይለፍ ቃሉን የሚተይብና ባክአፕን የሚጫን ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም ፋይል) አለ፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል። መብራትም ይጠፋል፣ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) የሚይዘው 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሌላ መንገድ አለ?

ሽቦና ዳታ፦
ያንን ስክሪፕት ዛሬውኑ ጣለው። ስክሪኑ ከተቆለፈ ወይም የአፕዴት መልእክት ብቅ ካለ የሚተየበው ሌላ መስኮት ላይ ያርፋል። የይለፍ ቃሉም ማንም በሚከፍተው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

የፒችትሪ የይለፍ ቃል የሚዘጋው የፕሮግራሙን በር ብቻ ነው። መረጃው ዲስክ ላይ ያለ ፎልደር ስለሆነ ለመቅዳት የዊንዶውስ ፈቃድ ይበቃል። ሜንቴይን፣ ቀጥሎ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን ግባ፤ ዳይሬክተሪ የሚለው ቦታ ፎልደሩን ያሳይሃል። ሙሉውን ቅዳ፤ ፋይሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ መራርጦ መውሰድ አያዋጣም።

አስቸጋሪው የተያዘ ፋይል ነው። ፒችትሪ ቢዘጋም ከጀርባ የሚሠራው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ የፐርቬሲቭ ሰርቪስ፣ ፋይሎቹን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ስክሪፕት ጻፍ፤ ሰርቪሱን ያቁም፣ በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ የፋይል መቅጃ ትእዛዝ) ይቅዳ፣ ሰርቪሱን መልሶ ያስነሳ። ስክሪፕቱን በሰዓቱ የሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ እዚያ በምትፈጥረው ታስክ ላይ «ራን ዊዝ ሃየስት ፕሪቪሌጅስ» መመረጥ አለበት። ሮቦኮፒ ካልነገርከው በቀር የተያዘን ፋይል በየ30 ሰከንዱ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ጠዋት ስትመጣ እዚያው ተገትሮ ታገኘዋለህ። ሙከራውን 2፣ ጥበቃውን 5 ሰከንድ አድርገው። ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር ከ8 በታች ከሆነ ደህና ነው።

ሂሳብ ቤት፦
ታስክ ስኬጁለር በኛ ሰዓት አይቆጥርም፤ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው። 2:00 ብለህ ከጻፍክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ይሆንብሃል።

መብራት ጠፍቶ ላለፈው ሰዓት፣ የታስኩ ሴቲንግስ ውስጥ ያመለጠ ታስክ በተቻለ ፍጥነት እንዲሠራ የሚያዘውን ምልክት አድርግ። ግን እዚህ ላይ ጣጣ አለ፦ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ ታስኩ ይነሳና ሠራተኛዋ ደረሰኝ እያስገባች ሰርቪሱን ያቆምባታል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ፒችትሪ ክፍት መሆን አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ክፍት ከሆነ ሎግ (የክንውን መዝገብ ፋይል) ላይ ጽፎ ይውጣ።

ሰው ሎግ ኢን ባያደርግም ይሥራ ካልከው የዊንዶውሱን የይለፍ ቃል ይይዛል። ያንን የይለፍ ቃል የቀየርክ ዕለት ባክአፑ ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል።

ዜሮ ስምንት፦
አክሰሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በይለፍ ቃል ኢንክሪፕት ከተደረገ (ከተመሰጠረ) ቅጂውም እንደተቆለፈ ነው የሚሄደው፤ መቅዳት ይቻላል፣ ለመክፈት ግን ቃሉ የግድ ነው። ጽፈህ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አስቀምጠው።

መዝገቡ ሲከፈት አጠገቡ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጠራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ሳይጠፋ ሊቀር ስለሚችል መኖሩን ብቻ አይተህ አትተው። ስክሪፕቱ ለመሰረዝ ይሞክር፤ ከተሰረዘ ማንም አልያዘውም፣ ይቅዳ።

«ሚር» የሚለውን የሮቦኮፒ ማዘዣ ተጠንቀቀው፤ ከዋናው የጠፋውን ከባክአፑም ያጠፋል። በየቀኑ አዲስ ፎልደር፣ ቢያንስ የ14 ቀን። ዲስክም ሁለት አድርግና በየሳምንቱ አቀያይር፣ ተራ ያልደረሰው ከመጋዘኑ ውጭ ይደር። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) ሲገባ አብሮ ይቆለፋል።

የገላኑ መጋዘን፦
ሠርቷል፣ አመሰግናለሁ። ግን የቀኑ ፎልደር አንዱ በአንዱ ውስጥ ተደራርቦ ነው የሚፈጠረው።

ሽቦና ዳታ፦
ዊንዶውስ ቀኑን በስላሽ ስለሚጽፈው እያንዳንዱን ስላሽ እንደ ንዑስ ፎልደር ያነበዋል። ቀኑን በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርገህ በሰረዝ አውጣው፤ በስም ሲደረደርም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ቅዳሜ አንዱን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ያው የፒችትሪ ስሪት ባለበት፣ ከፍተህ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከመጋዘኑ ጋር አመሳክር።