የኋላ ስታቢላይዘር ለኤምጂቢ መኪኖቻችን፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤምጂቢዎቻችን (የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖቻችን) ላይ የኋላ ስታቢላይዘር፣ ማለትም መታጠፊያ ላይ ማጋደልን የሚቀንስ የብረት ዘንግ (ባር)፣ እንግጠም የሚል ሐሳብ ከብዙዎቻችሁ መጥቷል። በየፊናችን ከምንሞክር አንድ ዕቅድ እናውጣ። ረቂቄ ይኸው፦ ባለ 19 ሚሊሜትር ባር በጋራ እንግዛ፣ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ለሁሉም እንግጠም።

የቴክኒክ ኃላፊ፦ በጋራ መሥራቱን ወድጄዋለሁ። 19 ላይ ግን አልስማማም። ቅርጹና ርዝመቱ አንድ ከሆነ፣ ከ16 ወደ 19 ሚሊሜትር ስንሄድ የባሩ ጥንካሬ እጥፍ ይሆናል። 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ኋላው ከመጠን በላይ ሲጠነክር፣ መታጠፊያ ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልላል። ዲፈረንሻላችን (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ደግሞ ተራ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡ ያ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነማ ጅራቷ ሳታስቡት ይወጣል። በቀጭኑ እንጀምር።

አንዲት አባል፦ የእኔ ባለ ክሮም ባምፐር ናት። ለእሷ የኋላ ባር ያስፈልጋታል ወይ?

ነባር አባል፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1974 መጨረሻ የጎማ ባምፐር ሲያስገባ መኪናዋን ከፍ አደረጋት። ከፍ ስትል መታጠፊያ ላይ ማጋደሏ ባሰ። ለ1977 ሞዴል የፊቱን ባር አወፈረላት፣ ከኋላም ባር ጨመረላት። የአንቺ ባለ ክሮሟ ከዚያ በፊት የተሠራች፣ ዝቅ ያለች ናት። የፊት ባሯ ደህና ከሆነ የኋላው የግድ አይደለም።

አዲስ አባል፦ የእኔ ኋላዋ ይዋኛል፣ ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ አታርፍም። ባር ያድናታል?

የቴክኒክ ኃላፊ፦ አያድናትም ወንድሜ፤ እንዲያውም ችግሩን ይሸፍንብሃል። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁምና አንድ ሰው ከጎን ይግፋልህ። አንተ ጎንበስ ብለህ የባሌስትራውን (ኋላዋን የተሸከመውን ዝርግ የብረት ሞላ) የኋላ መያዣ ተመልከት። ጎሚኒው (መያዣው ውስጥ ያለው የጎማ ቁራጭ) ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ከወጣ፣ ባሌስትራው በመያዣው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያለህ። መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ሾኩም (የመኪናዋን መንጠር የሚያበርደው) ዘይት እንዳያፈስ ይታይ። ይሄ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ይግባልኝ፤ አጥብቄ የምለምነው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው በጋራ መግዛቱ ይቆየን። አንድ ባር ገዝተን አንድ መኪና ላይ እንሞክር።

ነባር አባል፦ ስለ አገጣጠሙም ይጻፍ። ክሪክ ላይ እንዳለች ዳዶዎቹን አጥብቃችሁ አትጨርሱ። ጎማዎቹ መሬት ነክተው፣ ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ። የግራና የቀኝ ማገናኛ ከተዛነፈ ባሩ ቆማም ተወጥሮ ይቆያል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትታጠፍም ጠባይዋ ይለያያል። ባሩ የፍሬን ቱቦውንም ማርሚታውንም እንዳይነካ፣ አክስሉን ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ተራ ግራሶ ጎሚኒ ላይ አይቀባ፣ ያሳብጠዋል።

ሰብሳቢ፦ የተሻሻለው ይኸው፦ “ማኅበሩ አንድ መኪና መርጦ ጎሚኒና ሾኳን ያስፈትሻል። ባለ 16 ሚሊሜትር የኋላ ባር ይገጥምላታል። ሳይገጠምና ከተገጠመ በኋላ በአንድ ዓይነት የጎማ ንፋስ፣ በደረቅም በእርጥብም ተነድታ ውጤቱ ለአባላት ይቀርባል። ግዢ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።” የሚቀር አለ?

አንዲት አባል፦ የሚነዳት አንድ ሰው ይሁን። ሹፌር ከተቀያየረ ልዩነቱ የባሩ ይሁን የእጁ አይለይም። ሙከራውም ለትራፊክ ዝግ በሆነ ቦታ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም ገብተዋል። መኪና የሚያቀርብስ?

ነባር አባል፦ የእኔን ውሰዱ። ጎሚኒዎቿን በቅርቡ ነው የቀየርኳቸው፣ ባለ ጎማ ባምፐርም ስለሆነች ከባሩ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት በእሷ ላይ ጎልቶ ይታያል።