ለሰባት ኮምፒውተሮች የጋራ ዳታቤዝ፦ ፋይሉን ማጋራት ይበቃል ወይስ ሰርቨር ያስፈልጋል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በቢሯችን ሰባት ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ተያይዘው ይሠራሉ፤ አምስቱ በኬብል፣ ሁለቱ ላፕቶፖች ደግሞ በዋይፋይ። የደንበኞችን መዝገብ፣ ትእዛዝና ክፍያ የምንይዘው በማይክሮሶፍት አክሰስ በተሠራ አንድ ፋይል ሲሆን፣ ፋይሉ በአንደኛው ኮምፒውተር የጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሁሉም ሠራተኛ ከዚያው ይከፍተዋል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ሲሠራበት ችግር የለውም። አራትና አምስት ሰው ሲገባ ግን ቅጾቹ ለመከፈት ይዘገያሉ፤ አንዱ ሲያርም ሌላው መዝገቡ ተቆልፏል የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አልፎ አልፎም ፋይሉ ተበላሽቷልና ይጠገን የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። ለሰርቨርነት የተለየ ማሽን የለንም፤ የኮምፒውተር ባለሙያም ስላልተቀጠረ ሥራውን ከሌላ ኃላፊነት ጋር ደርቤ የምሠራው እኔ ነኝ። ያለውን አስተካክለን መቀጠል እንችላለን ወይስ ወደ ሌላ ሶፍትዌር መዛወር ግድ ነው? ቅጾቹንና ሪፖርቶቹን ሠራተኛው ስለለመዳቸው ባይቀየሩ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያ ምላሽ

ከመዛወርዎ በፊት ፋይሉን ለሁለት ይክፈሉት። ሠንጠረዦቹ ብቻ በአንድ ፋይል ሆነው በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ቅጾቹ፣ ሪፖርቶቹና መጠይቆቹ በሌላ ፋይል ሆነው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጡለታል፤ ይህ ሁለተኛው ፋይል ሠንጠረዦቹን በማገናኛ ያነባቸዋል። አክሰስ ራሱ ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለው። አሁን የሚገጥማችሁ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሁሉም ሰው አንዱን ቅጽ ያውም በኔትወርክ በኩል በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት ነው።

ሲያገናኙ እንደ ዜድ ባለ የድራይቭ ፊደል ሳይሆን በኮምፒውተሩ ስምና በፎልደሩ ስም በተጻፈ ሙሉ አድራሻ ያገናኙ፤ አለበለዚያ ፊደሉ በአንዱ ማሽን ላይ ሲለወጥ ማገናኛው ይበጠሳል። በፎልደሩ ላይም ተጠቃሚዎች ከማንበብና ከመጻፍ በተጨማሪ ፋይል የመፍጠርና የመሰረዝ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። የመጀመሪያው ሰው ዳታቤዙን ሲከፍት አክሰስ በአጠገቡ አንዲት ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲዘጋም ይሰርዛታል። ይህ ፈቃድ ሲጎድል ሁለተኛው ሰው መግባት ይከለከላል፤ ብዙ ሰው ግን ችግሩን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከተገናኙት ሠንጠረዦች አንዱን ከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ እንዲይዝ ያድርጉ። ያ ካልሆነ ቅጽ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የመቆለፊያ ፋይሏ ልትፈጠርና ልትሰረዝ ትችላለች፤ መዘግየቱም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ላፕቶፖቹን ደግሞ በኬብል ያገናኙ። አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ እንደማይችልም አይርሱ።

ሁለተኛ ምላሽ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ዛሬውኑ ቢሠራም መልካም ነው። ሆኖም የክፍያ መዝገብ የሚያዝበት ዳታቤዝ በዚያ ላይ ብቻ እንዲቆም አልመክርም፤ ምክንያቱም የፋይሉን መበላሸት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። በተጋራ ፋይል አሠራር መረጃውን የሚጠብቅ አንድ ፕሮግራም የለም፤ በየኮምፒውተሩ ያለው አክሰስ ራሱ በኔትወርክ አቋርጦ የፋይሉን ገጾች ያነባል፣ ራሱም ይጽፋል። ዕቃው ወዳለበት መጋዘን ሰባት ሰው እንደ ልቡ እየገባ እንደሚያወጣና እንደሚያስገባ ማለት ነው። ከመካከላቸው የአንዱ ኬብል ወይም ዋይፋይ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቋረጥ፣ በግማሽ የተጻፈ ገጽ በፋይሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የሰርቨር ዳታቤዝ ሲሆን ግን ፋይሉን የሚነካው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጥያቄ ይልካሉ፣ መልስ ይቀበላሉ፤ ግንኙነቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ያልተጠናቀቀው ለውጥ እንዳለ ይሰረዛል። ዋይፋይ ላይ ያሉት ላፕቶፖች ቢበዛ የስህተት መልእክት ይደርሳቸዋል እንጂ የሌላውን ሥራ አያበላሹም።

ቅጾቻችሁ እንዲቀሩ ስለፈለጉ አጭሩ መንገድ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የተባለው የማይክሮሶፍት የሰርቨር ዳታቤዝ ነው። በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከ2008 አር2 እስከ 2022 ባሉት እትሞች ለአንድ ዳታቤዝ የተፈቀደው መጠን 10 ጊጋባይት ነው፤ ለእናንተ ይበቃል። ሠንጠረዦቹን ከአክሰስ የሚያዛውር ነጻ መሣሪያም ማይክሮሶፍት አዘጋጅቷል። ፖስትግሬስኪውኤልም እንዲህ ያለ የመጠን ገደብ የሌለበት ግሩም ሶፍትዌር ነው፤ ከባዶ የምትጀምሩ ቢሆን ኖሮ እርሱን እመርጥ ነበር።

የተለየ የሰርቨር ማሽን መግዛት የግድ አይደለም። ነገር ግን ሰው የማይቀመጥበትን አንድ ኮምፒውተር ለይታችሁ፣ በራሱ እንዳይተኛ አድርጋችሁ፣ በራውተሩ ላይ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ አስይዛችሁለት በኬብል አገናኙት። መብራት ሲጠፋ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያቆይ ዩፒኤስም ያስፈልገዋል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፋይሉን ከፍዬዋለሁ፤ ቅጾቹ አሁን ቶሎ ይከፈታሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ የሠንጠረዦቹን ቅጂ ለሙከራ አዛውሬያለሁ። ሁለት ነገሮች ግን አልገቡኝም። ሰርቨሩ ካለበት ኮምፒውተር ስከፍተው ይሠራል፣ ከሌሎቹ ግን ሰርቨሩ አልተገኘም ይላል። ሁለተኛ፣ በትእዛዝ ሠንጠረዥ ውስጥ አንዳንድ መዝገቦችን ሳርም፣ ከእኔ በቀር ማንም ሳይኖር፣ መዝገቡን ሌላ ተጠቃሚ ለውጦታል የሚል መልእክት ይመጣል።

ሦስተኛ ምላሽ

የመጀመሪያው ስህተት አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን ከውጭ እንዳይደረስበት ሆኖ ነው። ከሰርቨሩ ጋር በሚመጣው የማዋቀሪያ ፕሮግራም ገብተው ቲሲፒ አይፒ የሚለውን (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት) ያብሩት፤ በኤክስፕረስ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚገኘው። እዚያው በአድራሻዎቹ ገጽ ላይ፣ ለሁሉም አድራሻዎች በሚለው ክፍል፣ ተለዋዋጭ ፖርት (ፖርት ማለት የግንኙነት በር ቁጥር ነው) የሚለውን ባዶ አድርገው ቋሚውን ፖርት 1433 ብለው ይጻፉ። ከዚያ የሰርቨሩን አገልግሎት አጥፍተው ያስነሡ፤ ይህ ካልተደረገ ለውጡ አይጸናም። በመጨረሻም በዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ ለዚሁ ፖርት፣ ለግል ኔትወርክ ብቻ፣ መግቢያ ይክፈቱ። ፋየርዎሉን በሙሉ አጥፉት የሚል ምክር ቢያገኙ አይቀበሉት፤ በራውተሩም ላይ ይህን ፖርት ወደ ኢንተርኔት አይክፈቱት።

ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሲያገናኙ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ 1433 ብለው ይጻፉ። አክሰስን ከሰርቨሩ ጋር የሚያያይዘውን የኦዲቢሲ ማገናኛ በሚፈጥሩበት ጊዜም ኦፊሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ባለ 32 ቢቱን ማዋቀሪያ ይክፈቱ። በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ባለ 32 ቢቱ የሚገኘው ሲስዋው64 በሚባለው ፎልደር ሲሆን፣ ባለ 64 ቢቱ ደግሞ ሲስተም32 ውስጥ ነው፤ ስማቸው ግብራቸውን ስለማይገልጽ ስንቱን ሲያደናግር ኖሯል።

ሁለተኛው ችግር የአዎ ወይም አይደለም ዓይነት መስኮች ነው። በአክሰስ ውስጥ እነዚህ መስኮች ባዶ አይሆኑም፤ በኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። አክሰስ ባዶውን አይደለም ብሎ ያነበዋል፤ ሊያስቀምጥ ሲመለስ በሰርቨሩ ያለው እርሱ ካነበበው ጋር አልመሳሰል ስለሚለው ሌላ ሰው የለወጠው ይመስለዋል። ባዶዎቹን ሁሉ በ0 ይሙሉ፣ መስኮቹ ባዶ እንዳይቀበሉ ያድርጉ፣ መነሻ ዋጋቸውንም 0 ያድርጉት። በየሠንጠረዡ ሮውቨርዥን የሚባለውን ዓይነት (መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ የሚቀይረውን ምልክት የሚይዝ) አንድ ዓምድ ቢጨምሩ ደግሞ አክሰስ ለውጥ መኖሩን በእርሱ ብቻ ስለሚለይ ተመሳሳይ መልእክት በሌላ ምክንያት አይመጣባችሁም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተገናኙትን ሠንጠረዦች ማደስ አይዘንጉ።

አራተኛ ምላሽ

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ እስካሁን የተነሣ ነገር የለም። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ የዳታቤዙን ፋይሎች በመገልበጥ ቅጂ ማግኘት አይቻልም፤ ፋይሎቹ ተይዘዋልና። የሰርቨሩን የራሱን የመጠባበቂያ ትእዛዝ ይጠቀሙ። ኤክስፕረስ ግን የጊዜ መርሐ ግብር አስፈጻሚው አብሮት ስለማይመጣ፣ ትእዛዙን በአንድ ፋይል ጽፈው በየምሽቱ በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ያስነሡት። ቅጂው ያው ማሽን ላይ ብቻ ከተቀመጠ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ስለሚሞት፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተርና ከቢሮ ውጭ ወደሚቀመጥ ዲስክ እንዲሄድ ያድርጉ።

ሠራተኞቹ ሁሉ በዋናው አስተዳዳሪ ስም እንዳይገቡም ይጠንቀቁ፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስም ሰጥተው፣ ክፍያን የሚሰርዝ ፈቃድ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይተዉ። የቀድሞውን የአክሰስ ፋይል ከመተውዎ በፊት ደግሞ ካስቀመጧቸው ቅጂዎች አንዱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱና የደንበኞቹና የክፍያዎቹ ብዛት ከዋናው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።