በ2016 ለ7 ወር አዲስ አበባ ነበርኩ፤ 5 ዓመቴ ተቆረጠ ማለት ነው?

የሮተርዳሟ (በርሚንግሃም)፣ ፌብሩዋሪ 2019

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ። ከገና ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እኔና ባለቤቴ የሆላንድ ፓስፖርት ነው ያለን። ከሮተርዳም ወደ በርሚንግሃም የመጣነው በ2010 ነው። ያኔ ቪዛ የለ፣ ፎርም የለ። ዕቃችንን መኪና ላይ ጭነን በመርከብ ተሻገርን፣ በቃ። ሁለቱ ልጆቻችን ፊደል የቆጠሩት እዚህ ነው፤ ሆላንድኛውን ረስተውታል። እኔ ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ።

አሁን እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት የምትወጣበት ቀን፣ ማርች 29፣ ደረሰ። ፓርላማው ባለፈው ወር የጠቅላይ ሚኒስትሯን የቴሬዛ ሜይን የመውጫ ስምምነት 432 ለ202 ጣለው። አንዱ ያለ ስምምነት እንወጣለን ይላል፣ ሌላው ይራዘማል ይላል። ማንን እንደማምን ጠፋኝ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። ሴትልድ ስታተስ፣ ማለትም እንግሊዝ ከወጣች በኋላም ለእኛ ዓይነቱ የአውሮፓ ዜጋ የሚሰጠውን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማግኘት እዚህ 5 ዓመት ሳይቋረጥ መኖር ያስፈልጋል፤ በየትኛውም 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር በላይ ውጭ መቆየት ያቋርጠዋል ይላሉ። እኔ ደግሞ በ2016 እናቴ ታማብኝ ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ሽሮ ሜዳ ነበርኩ። ሪፈረንደሙን እንኳ የሰማሁት እዚያው ነው። ጁን 24 አጥሚት እያጠጣኋት ሳለ ራዲዮኑ እንግሊዞች ከአውሮፓ ህብረት ለመውጣት ወሰኑ አለ። እናቴ አየችኝና "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ነሐሴ ላይ አረፈች። የአርባ ተዝካሯን አውጥቼ ተመለስኩ።

ታዲያ ያ 7 ወር ሁሉንም አፈረሰብኝ? ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ እንደ አዲስ ሊቆጠርብኝ ነው?

ሌላም አለ። ባለቤቴ ስኳር አለበት። እዚህ ሀገር ኢንሱሊን አብዛኛው ከባህር ማዶ ነው የሚመጣው። ፋርማሲ ሄጄ ስጠይቅ፣ መንግሥት ኩባንያዎቹን የ6 ሳምንት ተጨማሪ መድኃኒት እንዲያከማቹ ጠይቋል፣ እናንተ ግን ቤታችሁ እንዳታከማቹ ተባልኩ። እንዴት ነው ልብ የሚያርፈው?

---

ባለ አሮጌው ሳምሰንግ (ሸፊልድ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ የእናትሽን ነፍስ ይማር።

አይዞሽ፣ ጥያቄሽ መልስ አለው። 5 ዓመቱ የግድ የመጨረሻው 5 ዓመት መሆን የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ2010 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ሳትቋረጪ ከኖርሽ፣ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት ሞልቶልሻል። አንዴ ከሞላ በኋላ የሚያፈርሰው በተከታታይ 5 ዓመት ውጭ መኖር ነው። 7 ወር አይነካሽም።

እኔ የጣሊያን ፓስፖርት ነው ያለኝ፤ በሙከራው ጊዜ አመለከትኩ። የማመልከቻው የስልክ አፕ አይፎን ላይ አይሠራም፣ አንድሮይድ ብቻ ነው። የወንድሜን አሮጌ ሳምሰንግ ተዋስኩ። ፓስፖርቴን አነበበ፣ ፊቴን አነሳ፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሬን (ሥራና ግብር የሚመዘገብበትን) ጠየቀ። የግብር መዝገቡ አንድ ዓመት ጎደለው፤ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ለከተማው አስተዳደር የከፈልኩትን የካውንስል ታክስ ደረሰኝ ጫንኩና አለፈ። አንቺም ከ2010 እስከ 2016 ያሉትን ፒ 60ዎች፣ አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን የደሞዝና የግብር ወረቀት፣ ፈልጊ።

የማመልከቻው ክፍያ፣ 65 ፓውንዱ፣ እንደሚነሣ በጃንዋሪ ተነግሯል። ከማርች 30 በፊት የከፈለ ይመለስለታል። ልጆቹ የየራሳቸው ማመልከቻ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን እንዳትረሺ።

---

የዴን ሃጉ

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ከጭንቀት የተነሣ በቀጥታ የእንግሊዝ ዜግነት ልውሰድ ይላል። እህቴ፣ ተረጋጊ። የሆላንድ ሕግ እንደ ስዊድን አይደለም። በፈቃድሽ ሌላ ዜግነት ከወሰድሽ በጥቅሉ የሆላንዱን ታጪያለሽ። የእንግሊዝ ዜጋ ላገባ ሰው የተለየ ነገር አለ፤ የአንቺ ባል ግን የሆላንድ ነው። ለኢትዮጵያዊነታችን አንድ ጊዜ ያን በር ዘግተናል፤ ሁለተኛውን ሳታስቢበት አትዝጊው።

---

አባ ኪያ (ለንደን)

እውነቱን ልናገር። እኔ ይውጣ ብዬ ነው ድምፅ የሰጠሁት።

እህቴ ለልጄ ክርስትና ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠየቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከለች። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ ሁሉን አቀረበች። የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ግን ማንም ሳይጠይቀው ይገባል። ይሄ ልክ አይደለም አልኩ። ለሁሉም እኩል ይሁን ብዬ ነው። የእኛው ሰው እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ፒ 60 ሲፈልግ ያድራል ብዬ ግን አላሰብኩም። አሁን ያንቺን ሳነብ ከበደኝ።

---

የሮተርዳሟ (በርሚንግሃም)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸፊልድ ያለኸው ወንድሜ፣ መልስህን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

አባ ኪያ፣ አልተቆጣሁህም። እህትህ የተከለከለችበት አግባብ አይደለም። እኔም እናቴን አንድ ቀን እንኳ እዚህ አምጥቼ ላሳያት ያልቻልኩት በዚያው በር ነው። ግን የእኔ በር መጥበብ ለእህትህ የሰፋላት አይመስለኝም። ይሄን ስነግርህ ከልቤ ነው።

እዚህ ከተማ 50.4 በመቶው ይውጣ ብሏል። አውቶብስ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው የትኛው ነው እያልኩ ማሰብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ይሄ ነው የደከመኝ። ማታ የማጥባቸው የ91 ዓመት እናት አሉ። እሳቸውም ይውጣ ብለዋል፣ ራሳቸው ነግረውኛል። ባለፈው ሳምንት ፎጣውን ሳለብሳቸው እጄን ያዙና "ከማርች በኋላም አንቺው ነሽ አይደል የምትመጪልኝ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እውነት መናገሬ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር።

ፒ 60ዎቹን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘኋቸው። የ2013ቱ ብቻ የለም፤ ያሠራኝ ድርጅት ተዘግቷል። ስልኩን ልጄ ታውሰኛለች። በዚያ ፋንታ የባንክ ስቴትመንት ይይዙልኛል?

---

ባለ አሮጌው ሳምሰንግ (ሸፊልድ)

ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ ሲገባልሽ የሚያሳይ ይሁን፣ ስምሽም ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው። መጀመሪያ ግን የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርሽን አስገቢ፤ የግብር መዝገባቸው ያን ዓመት ካገኘው ለእሱ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁሽም።