ከሉተር በፊት የት ነበርን?

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ባለቤቴ የካቶሊክ ቤት ልጅ ነው። ባለፈው እሑድ አማቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አማቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ናቸው። ሁለተኛው ሲቀዳ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና፣ "ልጄ፣ ሉተር የተነሳው በፈረንጆቹ 1517 ነው። እስከዚያ ድረስ የናንተ ቤተ ክርስቲያን የት ነበረች?" አሉኝ።

በልጅነቴ የሰማሁትን መለስኩላቸው። እውነተኞቹ አማኞች ተደብቀው ነበር፤ ከሉተር በፊት ከሮም ጋር የተጋጩትን የካታሮችንና የዋልዶችን ቡድኖች፣ የቦሄሚያውንም ሰባኪ ያን ሁስን ጠራሁ። "ካታሮች ምን ያምኑ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው። አላውቅም። ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እሳቸውም ላለማሳፈር ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ልጄ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? እባካችሁ "ሁሉም ጨለማ ነበር" የሚል መልስ አትስጡኝ።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ፦
እህቴ፣ አማትሽ ልክ ናቸው። ካታሮች ይህን የሚታይ ዓለም የፈጠረው ክፉው ነው ይሉ ነበር። ክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ መልበሱንም አይቀበሉም። እነሱን አባቶቻችን ካልን "ቃል ሥጋ ሆነ" የሚለውን በምን አፋችን እናነባለን? ዋልዶች ግን ሌላ ናቸው። የሊዮኑ ነጋዴ ዋልዶ በ12ኛው መቶ ዘመን ሀብቱን ለድሆች ሰጥቶ መስበክ ጀመረ፤ ወንጌልንም በሕዝቡ ቋንቋ አስተረጎመ። ተከታዮቹ በ1532 ከፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ ጋር ተቀላቀሉ።

ደግሞ መደበቂያ ፍለጋ ምን አስኬደን? ሉተር የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ነበር። ተሐድሶ ያልነውም የሚታደሰው የነበረ ነገር ስለሆነ ነው። ቤቱ ያው ነው።

መቁጠሪያ፦
እኔ ካቶሊክ ነኝ። "ቤቱ ያው ነው" በሚለው አልስማማም፤ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ጀምሮ በጳጳሳት እጅ መጫን ሳትቋረጥ የመጣች ናት። ግን የኛንም ጉድ አልሸፍንም። ከ1378 እስከ 1417 መጀመሪያ ሁለት፣ ከ1409 በኋላ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ "የሮም ጳጳስ እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። ያንን ጣጣ የፈታው የኮንስታንስ ጉባኤ ነው ሁስን በ1415 ለእሳት የዳረገው፤ ያውም ከንጉሥ ሲጊስሙንድ የደኅንነት መተማመኛ ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሰው። የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1999 ሁስ በጭካኔ በመገደሉ ማዘናቸውን ተናግረዋል። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። ሆኖም ሁስ ቀዳሽ ካህን ነበር፤ ኅብስቱ የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን አልካደም። ጴንጤ አታድርጉት።

ታቦር ሰፈር፦
የኛን አገር ረሳችሁት። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተወያይቷል። ሉተርም የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ከሮም ውጭ የቆየች ቤተ ክርስቲያን ስትፈልጊ የነበረው እኮ ደጅሽ ላይ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ ለአማቴ ደወልኩና "ስለ ካታሮች ተሳስቼ ነበር" አልኳቸው። "ጎሽ ልጄ" አሉኝ። ቀጥዬም፣ ያልተቋረጠችው ሰንሰለት በ1409 ከሦስቱ በማን በኩል አለፈች ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "እሑድ ቀደም ብለሽ ነዪ" አሉኝ፣ "ይሄ በአንድ ጀበና አያልቅም።"